ስለ እሷ የመለስኩት ቃል

«ያን ቀን ‹አምናለሁ› ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ መቼ ነው ያልኩት?»

የጠየቀችኝ የክርስትና ልጄ ናት፤ ዘንድሮ 17 ዓመቷ ነው። ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው ሊቀዳ ነው፤ እናቷ ረከቦቱ ላይ አጎንብሳለች፤ አያቷ ጥግ ይዘው መቁጠሪያቸውን በጣታቸው ያንከባልላሉ። ስለ ክርስትናዋ ዕለት እያጫወትኳት ነበር። በሰማንያ ቀኗ ማለዳ ውሃው እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ ሦስት ጊዜ ገብታ ስትወጣ ለቅሶዋ ቅጽሩን እንዴት እንደሞላው፣ ከዚያ በፊት ቄሱ ሲጠይቁኝ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ ስለ እሷ ሰይጣንን እንደካድኩ፣ ወደ ምሥራቅም ዞሬ ስለ እሷ እንዳመንኩ ነገርኳት። እንደ ወግ ነው የነገርኳት፤ በየቤቱ ለየልጁ እንደሚነገረው። እሷ ግን ሲኒዋን አስቀመጠችና ጠየቀች። አያቷ መቁጠሪያውን ማንከባለል አቆሙ። «ስታድጊ ይገባሻል» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ የጠየቀችው አድጋ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ ጥያቄው ግን ከእኔ አልወጣም። መጀመሪያ የነፃነት ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ «ሳትጠይቁኝ ለምን?» የሚል። እንደዚያ ቢሆን ባልከበደኝ ነበር። ስም ስናወጣልሽም አልጠየቅንሽም፣ እናትሽም ስታጠባሽ ፈቃድሽን አልጠበቀችም ብዬ እመልስላት ነበር። እሷ ግን «ለምን» አላለችም፤ «መቼ» ነው ያለችው። ስለ አንድ ቤት «ለምን ገባሁ?» የሚል ሰው ለመውጣት እያሰበ ሊሆን ይችላል። «መቼ ገባሁ?» የሚል ግን ውስጥ መሆኑን ያውቃል፤ የጠፋበት በሩ ነው። የገባበትን በር የማያውቅ ሰው ቤቱ የእሱ ይሁን ወይም በእንግድነት ያድርበት እርግጠኛ መሆን አይችልም። ልጅቷ ያስጨነቃት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም ያን ሌሊት ተኝቼ ራሴን ስጠይቅ የራሴን በር እንደማላውቀው ተረዳሁ። ስለ እኔም የመለሰችልኝ ሌላ ሴት ነበረች፤ አፈር ከሆነች ቆይታለች።

ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ አንደበት እስኪፈታ አትጠብቅም። በዚያች አንዲት ማለዳ ሕፃኗ ውሃውን፣ ሜሮኑን፣ ቁርባኑን ተቀበለች፤ ማተብ ታሰረላት፤ ስትቆርብ የምትጠራበት፣ በፍትሐቷ ዕለትም የሚነሣ የክርስትና ስም ወጣላት። ግሡ ሁሉ በእሷ ላይ የተደረገ ነው፤ ተጠመቀች፣ ተቀባች፣ ታሰረላት፣ ተሰየመች። በቤተ ክርስቲያናችን ራሱን በራሱ የሚያጠምቅ የለም። ክርስቶስ እንኳ 30 ዓመት ሲሆነው ወደ ዮርዳኖስ ወርዶ በዮሐንስ እጅ ተጠመቀ። እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ሐሳብ ይመጣል፤ እምነት እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ነው የሚል። ልጅቷ የጠየቀችኝ ባልመረጠችው አማርኛ ነው፤ ያልመረጠችው ቋንቋ ባይሰጣት ኖሮ መጠየቂያም አይኖራትም ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ብዙም ቀን ይዞኝ ቆየ። ነገር ግን አይበቃም። ሰው አፍ በፈታበት ቋንቋ ማስመሰል አይችልም፤ ወይ ይናገረዋል ወይ አይናገረውም። በእምነት ግን ዕድሜ ልክ ማስመሰል ይቻላል። ቃሉን ሁሉ አሳምሮ እያለ ምንም ያላለ ሰው አለ፤ የሚያስፈራው ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ማስመሰሉን ራሱ ላያውቀው መቻሉ ነው።

«የአባቶቻችን ሃይማኖት» እንላለን። ሊቃውንቱ የሚያስተምሩት ታላቁ መጽሐፍም «ሃይማኖተ አበው» ይባላል። ይህ አጠራር ሃይማኖትን ከውርስ ጋር ያስጠጋዋል፤ ውርስ ግን ምን እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ውርስ የሚተላለፈው ሰጪው ሲሞት ነው። ወራሹ ከደም በቀር ምንም አይጠየቅም፤ ከወረሰ በኋላም ንብረቱ የራሱ ነውና ቢፈልግ ያርሰዋል፣ ቢፈልግ ይሸጠዋል። እምነት እንዲህ አይደለም። ሰጪው በሕይወት ሳለ ነው የሚሰጠው፤ ሲሰጥም ከእሱ አይጎድልበትም፤ ደም ደግሞ ዋስትና አይሆነውም። ስለዚህ ሌላ ቃል እንፈልጋለን፤ አማርኛችንም አንድ ከባድ ቃል አለው። አደራ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያስታውሰውና፣ ወረድ ብሎ ያንኑ አደራ ብሎ ይጠራዋል። ባለቤቱ ሌላ ነው፤ እኔ ጠባቂ ነኝ፤ «የእኔ» ልለው አልችልም፣ «የእኔ አይደለም» ብዬም ልጥለው አልችልም። ከውርስ ይልቅ ይህ ቃል እውነቱን ይነግረናል። ግን እሱም የራሱ ወጥመድ አለበት። የአደራ ሕጉ የታወቀ ነው፤ የተቀበልከውን ሳትነካ እንዳለ መመለስ ነው። ወንጌል ላይ ይህን ሕግ በታማኝነት የፈጸመ አንድ አገልጋይ አለ። መክሊቱን መሬት ቆፍሮ ቀበረ፤ ጌታው ሲመጣ አንድም ሳያጎድል መለሰ። ክፉ ተባለ። ስንቶቻችን ነን የተቀበልነውን እምነት በደህና ቦታ ቀብረን፣ ቦታውንም ለልጆቻችን በጣታችን እያሳየን፣ አደራችንን የጠበቅን የሚመስለን? እንግዲህ ካልነኩት ክህደት፣ ከለወጡት ደግሞ ሌላ ክህደት የሚሆን አደራ ምን ዓይነት ነው?

ለዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ ከነጭራሹ አደራውን መተው ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን እንደተጻፈ የሚነገረው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ (የደራሲው ማንነት ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል) ያን መንገድ በድፍረት ሞክሮታል። ጊዜው ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀብለው እስከ 1632 ድረስ አገሩ በሃይማኖት የታመሰበት ነው። አንዱ «የእኔ እውነት ነው» ሲል ሌላውም ያንኑ ይላል፤ ሁለቱም የሚያምኑት ከቀደሟቸው የሰሙትን ነው፤ ታዲያ ማን ይፍረድ? መርምር፣ ልቡናህን ጠይቅ ይላል ሐተታው። ይህን ጥያቄ የሚፈሩ አባቶች አሉ፤ እኔ አልፈራውም። ያልተመረመረ እምነት በመጀመሪያው ነፋስ የሚወድቅ መሆኑን በራሴ ትውልድ አይቻለሁ። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉን የጠረጠረ ዘርዓ ያዕቆብ ሸሽቶ ወደ አንድ ዋሻ ሲገባ ይዞት የገባው ነገር ጥቂት ወርቅና ዳዊቱ ነበር። በዋሻው ውስጥ እየጸለየ ነው የመረመረው፤ የጸለየበትን ዳዊት ደግሞ መምህራኑ ናቸው ያስያዙት። ከአባቶቹ የሰማውን የሚመረምርበት ጸጥታ ከአባቶቹ በሰማው ጸሎት የተሞላ ነበር። ይህን የምለው ልረታው ብዬ አይደለም። ሰው ከተሰጠው ነገር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ «አሁን ለራሴ ልምረጥ» የሚልበት ቦታ እንደሌለ እሱ ራሱ ስለሚያሳየኝ ነው።

በዚያው ሐተታ ውስጥ የማትረሳኝ አንዲት ትንሽ ታሪክ አለች። ዘርዓ ያዕቆብ በልጅነቱ መጀመሪያ ለዜማ መምህር ተሰጠ፤ ድምፁ አላምር፣ ጉሮሮው እሺ ስላላለው ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ትቶ ቅኔና ሰዋስው ሊማር ሄደ። ይህችን ሳነብ ነው ለረጅም ጊዜ በዓይኔ ሥር ሆኖ ያላየሁትን ነገር ያየሁት። በበዓል ዋዜማ ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በሁለት ወገን ይቆማሉ፣ ጸናጽሉ ይሰማል፣ ከበሮው ከሌሊቱ ጋር አብሮ ይጠነክራል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ግእዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። በዚህ ዜማ ላይ የራሱን የሚጨምር የለም። ድጓ የሚማር ተማሪ ይዘቱን ከደረቱ፣ ደረቱን ከርክርኩ ለይቶ ለዓመታት ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ አንዲት ምልክት ብትዛነፍ ይታረማል፤ በመጨረሻም ወደ ድጓው ምስክር ቤት ወደ ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ቃሉን ልብ በሉት። ተማሪው መማሩን ራሱ አይመሰክርም፤ ያስመሰክራል። ታዲያ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ማኅሌት መካከል፣ ዜማው ቆም ይልና አንድ ሊቅ ቅኔ ይቀኛል። እዚህ ጋ ሕጉ ይገለበጣል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ያመጣ፣ የመምህሩን የደገመ ሰው ያፍራል። ጉባኤ ቃናው በሁለት ቤት፣ መወድሱ በስምንት ቤት ልኩ የተወሰነ ነው፤ የሚባልበት ዜማም ከያሬድ ዜማ አይወጣም፤ ምሥጢሩ ግን የዚያ ሰው፣ የዚያ ሌሊት ነው። እዚያው ቤት፣ እዚያው ጉልላት ሥር፣ አንዱን እንዳትለውጥ፣ ሌላውን እንዳትደግም ታዘሃል።

ይህን ካየሁ በኋላ ጥያቄዬ ቦታውን ለወጠ። «ይህ እምነት የአባቶቼ ነው ወይስ የእኔ?» ስል ዜማና ቅኔን እንደ ተቃራኒ ማየቴ ነበር። የቅኔ ተማሪ ግን እንዲያ አያያቸውም። ከመምህሩ የሰማውን ልክ ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከሰው ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ያን ብቸኝነት ማንም አይገባለትም፣ መምህሩም ቢሆን። ማታ ይዞ የሚመጣው ነገር በመምህሩ ልክ የተሰፋ፣ ግን መምህሩ ሰምቶት የማያውቅ ነው። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ከአባታቸው ተምረው ነው። አባታቸው ቅኔውን ቢያወርሷቸው ኖሮ እሳቸው ደጋሚ እንጂ ባለቅኔ አይሆኑም ነበር። ልኩን ሰጧቸው፤ ምሥጢሩን ራሳቸው ቆጠሩ። እውነተኛ የሚባለው እምነትም ምናልባት እንዲህ ነው። ዜማውን ብቻ የያዘ ሰው ቃሉን ገና አልመለሰም፤ ቅኔ ብቻ አለኝ የሚል ደግሞ የሚቀኝበት ማኅሌት የለውም። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በሌላም ቦታ ባሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ልጆች ቅዳሴውን በእንግሊዝኛ እየተከታተሉ ሲያድጉ ወላጆች «ቋንቋው ከጠፋ ሃይማኖቱ ጠፋ» ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም፤ ከዜማው ጋር የሚሄድ ብዙ ነገር አለ። ግን እዚህ፣ ቋንቋው ባልጠፋበት አገር፣ ዜማውን ጠንቅቀን ይዘን ቅኔው የጠፋብን እኛ ምን እንበል?

ይህን ስል ስለ ራሴ ነው። አማኝና ታማኝ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ አሜንም ከዚያው ነው። አማርኛ «በልብህ ይሰማሃል ወይ?» ከማለቱ በፊት «ትታመናለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ቋንቋ ነው። እንዲህ ከሆነ፣ የእምነቴን እውነተኛነት የማውቀው የልቤን ሙቀት እየለካሁ አይደለም፤ በአጠገቤ ያሉት ሊያምኑኝ በመቻላቸው ነው። የክርስትና ልጄ የ12 ዓመት ልጅ ሳለች በአጥቢያችን አንድ ጠብ ተነሥቶ ነበር። ስለ ምን እንደነበረ ዛሬ ብናገረው ማንም አያምነኝም፤ ያን ያህል ትንሽ ነገር ነው። ሰዉ ግን ለሁለት ተከፈለ። እኔም አንዱን ወገን ያዝኩ። ዐቢይ ጾምን፣ 55ቱን ቀን፣ አንዲት ጠብታ ዘይት እንኳ ሳላስገባ ጾሜ፣ ለ20 ዓመት ጽዋ አብራኝ ከጠጣች አንዲት ጎረቤቴ ጋር ግን ሰላምታ አልነበረኝም። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል አንገቴን አዞርኩ። ልጅቷ በመካከላችን ቆማ ነበር። አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደዚያች ሴት ተመለከተች። ምንም አላለችም። ልጆች የምንነግራቸውን ከምናደርገው ጋር የሚያስተያዩት አፋቸውን ዘግተው ነው። አሁን ሳስበው «እኔ መቼ ነው ያልኩት?» የሚለው ጥያቄ ሥሩ እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ስለ እሷ የመለስኩት አፍ፣ ስለ ራሱ ገና ያልመለሰ መሆኑን ያየችው ያን ዕለት ነው።

ስለዚህ ነው በመጽሐፈ ሳሙኤል ያለው የሴሎው ሌሊት ከሁሉ የበለጠ የሚይዘኝ። ብላቴናው ሳሙኤል ገና ሳይወለድ በእናቱ ስእለት ተሰጥቷል፤ ሐና ሳትጠይቀው ነው የሰጠችው። በቤተ መቅደስ ያድራል፣ ያገለግላል፤ መጽሐፉ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ገና እግዚአብሔርን እንደማያውቅ በግልጽ ይናገራል። ሁሉም የተደረገለት፣ ምንም ያልመለሰ ልጅ ነው። ሌሊት ስሙ ተጠራ። ሮጦ የሄደው ወደ ሽማግሌው ወደ ዔሊ ነው። አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ አለው። ሁለተኛም እንዲሁ፤ ሦስተኛም ወደ ዔሊ ሮጠ። እዚህ ላይ ለብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ብላቴናው የእግዚአብሔርን ድምፅ ከሽማግሌው ድምፅ መለየት አልቻለም። ስሕተት ነው እንዳልል፣ ሌላ የሚያውቀው ድምፅ የለም፤ እስከዚያ ሌሊት የሚጠራው ሁሉ ዔሊ ነበር። ለሁላችንም የመጀመሪያው የእግዚአብሔር ድምፅ የአያታችንን ድምፅ ይመስላል። የዔሊ ታላቅነት ደግሞ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ የገዛ ልጆቹን አፍኒንንና ፊንሐስን ማቅናት አቅቶት፣ አንድ ነገር አለማድረጉ ነው። «አዎ፣ እኔ ነኝ የጠራሁህ» አላለም። ማለት ይችል ነበር። ብላቴናው ያምነው ነበር፤ የቤቱም ልማድ ምንም ሳይናጋ ይቀጥል ነበር። እሱ ግን ድምፁን ከራሱ ለየ፤ ብላቴናውንም ወዳልታየ ጠሪ መለሰው።

ከዚያ የሚመጣው የበለጠ ከባድ ነው። ሳሙኤል ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ጆሮ የሰማው ቃል በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነው። መስማት ያስተማረው ሰው የሚከሰስበትን ቃል ሰማ። በማግሥቱ ሽማግሌው ልጁን ጠርቶ አንዳች እንዳይደብቀው አሳሰበው፤ ሲነግረውም ቃሉን ከእግዚአብሔር ነው ብሎ ተቀበለ። የክህነት ውርሱን ደሙ ለሆኑት ልጆቹ ማትረፍ ያልቻለው ያ ሰው፣ ደሙ ላልሆነው ብላቴና መስማትን አስተላለፈ፤ ዋጋውም በገዛ ቤቱ ላይ የወረደ ፍርድ ነበር። እምነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ ስንል ምን ማለታችን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ከዚህ የጠራ ሥዕል አላገኘሁም። ልጆቻችን እኛን ብቻ እንዲሰሙ ካስተማርናቸው፣ እኛ ስንሞት ጸጥታ ነው የሚጠብቃቸው። እኛን ሊወቅስ የሚችለውን ድምፅ እንዲሰሙ ካስተማርናቸው ግን፣ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሲኒ ያስቀምጡና ይጠይቁናል። ያን ጊዜ «አንዳች አትደብቂኝ» የማለት አቅም አለኝ ወይ? ያን ዕለት አልነበረኝም። ዝም ነው ያልኩት።

ከሁለት ወር በፊት ጎረቤታቸው ሴት ልጅ ወለደችና የክርስትና ልጄን ክርስትና እንድታነሣላት ጠየቀቻት። አንሺ ስትባል ቤቱ ሁሉ ደስ አለው፤ እሷ ግን እምቢ አለች። በትሕትና፣ በዝግታ፣ ግን እምቢ። «ለራሴ ሳልመልስ ለእሷ እንዴት እመልሳለሁ?» ነው ያለችው። ጎረቤቷ ቅር አላት፤ እናቷ አፈረች፤ ነገሩ እንደ ንቀት ተወራ። እኔም መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ክርስትና ማንሣት የሚለውን አነጋገር ስንቴ እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ማንሣት ምን እንደሆነ ያሰብኩት ግን እሷ አላነሣም ስትል ነው። ያነሡትን ማስቀመጥ አለ፤ ሕፃኗ በእግሯ እስክትቆም ክንድ መዛል የለበትም። እኔ እሷን ሳነሣ የተጨነቅሁት ለጥምቀቱ ልብስና ለድግሱ ነበር። እሷ የጨነቃት ቃሉ ነው። አያቷ ለረጅም ጊዜ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እኔ አምስት ክርስትና አንሥቻለሁ» አሉ። «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳላስበው ነው ያነሣሁት።» ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ወቀሳ አልተሰማም። አንድም ቀን «ለምን አምናለሁ» ብለው ሲጠይቁ ያልሰማኋቸው ሴት፣ ሰባቱን አጽዋማት እንደ መተንፈስ የሚጾሙ ሴት፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆሙ። ልማድ ነው እያልኩ የማልፈው የእሳቸው ጾም ውስጥ ይህን ያህል የነቃ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

«በጥምቀት የምትጠየቀው አንዲት ነፍስ ናት፤ ታዲያ ስለ እሷ ሌላ ሰው መመለሱ ምን ትርጉም አለው?» ለሚለው እስካሁን ሙሉ መልስ የለኝም። ግን በቅዳሴ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ የሚባለው የመጀመሪያው ቃል ብዙ ቁጥር መሆኑን አሁን አሁን ሳላስተውል አላልፍም። ነአምን። እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች ከየሀገሩ መጥተው፣ ተከራክረው፣ በአንድ አፍ የመሰከሩት ሃይማኖት ነው። ይህ «እኛ» የተጠራጠረውንም፣ የዘገየውንም፣ ገና ቃሉ አፉ ላይ ያልደረሰውንም በመካከሉ ይዞ ይቆማል? ወይስ እያንዳንዱ አስቀድሞ «አምናለሁ» ካላለ «እናምናለን» ባዶ ድምር ነው? አንዳንድ ቀን አንደኛው እውነት ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ሌላኛው።

ባለፈው እሑድ አጠገቤ ነበረች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከምሰሶው ጠጋ ብላ። ከኋላችን በስተግራ ያቺ ጎረቤቴ ቆማለች፤ ዘንድሮ ፋሲካ ሰሞን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ለምን ዛሬ ብላ አልጠየቀችኝም፣ እኔም ልጅቷ ናት የላከችኝ አላልኳትም። ጸሎተ ሃይማኖት ሲጀመር ሕዝቡ ሁሉ ድምፁን አነሣ። የክርስትና ልጄ ከንፈር አልተነቃነቀም። ቀኝ እጇ ማተቧ ላይ ነበር፤ ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ዓይኗን መጋረጃው ላይ ተክላ ታዳምጣለች። ዞሬ አላየኋትም፤ በዓይኔ ጠርዝ ነው ያየሁት። እስክትመልስ ጊዜ አላት። እኔ ድምፄን ከወትሮው ጥቂት ከፍ አድርጌ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያየሁ፣ «ነአምን» አልኩ።